ባለ ጥርሱ ጎማ

በ1996 ዓ.ም.፣ በበልግ፣ በመፃጉዕ ሳምንት ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ዝናቡ ገና ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት ዳሞታ ተራራ አይታይም፣ ቀትር ላይ ጉሙ ይገፈፍና ሶዶ ከላይ እስከ ታች እርጥብ አፈር ትሸታለች። በዚያ ሳምንት የደነገጥኩትን ያህል ከዚያ በፊት ደንግጬ አላውቅም። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ አልደነገጥኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያስታወሰችኝ ልጄ ሜሮን ናት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጠረጴዛ ቴኒስ ትጫወታለች። ባለፈው ቅዳሜ ስልኬን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አዲስ አበባ ያለ ነጋዴ የራኬት ጎማዎች ፎቶ ልኮላት ኖሯል። አንዱ ለፍጥነት ነው ይላል፣ ሌላው ለማሽከርከር፤ የስፖንጁ ውፍረት ሳይቀር በቁጥር ተጽፏል። «እማ፣ ለአጥቂ የቱ ይሻላል?» አለች። መልስ ጠብቃ አልነበረም፤ ለራሷ ነበር የምታወራው።

«ለስላሳው» አልኳት። «ፊቱ ኳስ ያዝ የሚያደርገው፣ ስፖንጁ ወፈር ያለው። ጥርሱ ወደ ውጭ የወጣውን ተዪው። እሱ የተከላካይ ነው።»

አፏን ከፍታ ቀረች። «እማ! አንቺ ይሄን ከየት አወቅሽ?»

አሳጥሬ ነገርኳት። እዚህ ትንሽ አስረዝመዋለሁ።

ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ከሲሚንቶ የተሠራ ጠረጴዛ ነበር። መረብ አልነበረውም፤ በሁለት ድንጋይ ላይ ጣውላ እናጋድማለን። ዝናቡ ሲያባራ ውሃውን በመጥረጊያ ጠርገን እንጫወታለን። የተሸነፈ ይወጣል፣ ያሸነፈ ይቆያል። ሰልፉ እስከ ቧንቧው ይደርስ ነበር። ተጫዋችን የምናውቀው በሁለት ከፍለን ነው፤ መቺና መላሽ። እኔ መቺ ነበርኩ። ኳስ ትንሽ ከፍ ብላ ከመጣች አልምራትም። ወንዶቹ ሕይወት የሚለውን ስሜን ትተው «መዶሻዋ መጣች» ይሉኝ ነበር። ሊያናድዱኝ ነበር የሚሉት፤ እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር።

ራኬቴን የአክስቴ ልጅ ነው ትቶልኝ የሄደው። ጎማው አልቆ እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ያብለጨልጭ ነበር። ዳር ዳሩ ተልጦ እንጨቱ ይታያል። ኳሷ ስትነካው ትንሸራተታለች፤ እኔም ያንን በጉልበት ነበር የማካክሰው። ጎማ የሚሸጥበት ሱቅ ሶዶ ውስጥ አልነበረም። ቢኖርም እናቴ የምትገዛልኝ ሌላ ብዙ ነገር ነበረ።

ያን ዓመት የዞኑ ትምህርት ቤቶች ውድድር እኛ ጋ ሆነ። ከሁምቦ፣ ከቢጠና፣ ከቦምቤ ልጆች መጡ። ወንዶቹ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ተነጥፎላቸው አደሩ። ሴቶቹን ለከተማው ተማሪዎች ቤት ለቤት አከፋፈሉን። ከሴቶች በጠረጴዛ ቴኒስ አንደኛ የምትወጣዋ፣ ከሌላው ስፖርት አሸናፊዎች ጋር በማግስቱ መኪና ተሳፍራ ለክልሉ ውድድር አዋሳ ትሄዳለች።

እኔ ከቦዲቲ አልፌ አላውቅም ነበር። አዋሳን የማውቃት በአባቴ ወሬ ነው። አባቴ ሹፌር ነበር። የሐይቁን ነገር ሲያወራ አይጠግብም፤ አባ ኮዳ የሚባል ትልቅ ወፍ እንደ ሽማግሌ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሰው መሐል ይራመዳል ይለኝ ነበር። «አንድ ቀን ከፊት አስቀምጬሽ እወስድሻለሁ» ብሎኝ ነበር። ሳይወስደኝ ሞተ። ስለዚህ ውድድሩ ሲታወጅ ስለት ተሳልኩ። አዋሳ ካደረስከኝ አንድ እስር ጧፍ አመጣለሁ አልኩ። ለእናቴም አልነገርኳትም።

እኛ ቤት የደረሰችው እንግዳ የቦምቤዋ ነበረች። ስሟ ዳመነች ነው። ከኔ በአንድ ዓመት ትበልጣለች፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትራመድ ድምፅ የሌላት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንዲት የጨርቅ ቦርሳ ይዛ መጣች። ለእናቴ ዝቅ ብላ «አዬ» ብላ ሰላም አለቻት። አዬ በወላይትኛ እናት ማለት ነው። እናቴ በወላይትኛ አዋራቻት፣ እግሯን አስታጠበቻት፣ ጎደሬ ከዳጣ ጋር አቀረበችልን። ከአንድ ሳህን በላን።

አማርኛዋ ወንድና ሴት ይቀላቀልበት ነበር። «አንቺ ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለችኝ። ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ አልከፋትም። ራኬቴን አሳይኝ ብላኝ ሰጠኋት። ገለበጠችው፣ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፣ መለሰችልኝ። የሷም ከኔ የተሻለ አልነበረም።

ማታ እናቴ በር ልትዘጋ ስትል ከበሩ ኋላ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አገኘች። ዝንጅብል ነበር፤ አፈሩ ያልደረቀ፣ የቦምቤ ዝንጅብል። ሽታው ቤቱን ሞላው። ዳመነች ስትገባ አስቀምጣው ምንም አላለችም። እናቴ ወደኔ ዞር ብላ ቀስ ብላ «የሰው ልጅ ናት» አለች። እንዲህ ነው በእነሱ አገር። ይዞ የመጣ ሰው ይዤ መጣሁ አይልም። ባለቤቲቱ በኋላ ታገኘዋለች። በሰጪው ዓይን ሥር መቀበል ተቀባዩን ያሳፍራል ይላሉ።

ማክሰኞ ጠዋት የስፖርት አስተማሪያችን ጠሩኝ። ቲቸር ማቴዎስ የእግር ኳስ ሰው ናቸው፤ ስለ ጠረጴዛ ቴኒስ የሚያውቁት ነጥብ መቁጠር ብቻ ነበር። ከመሳቢያቸው ሁለት ስስ ካርቶን አወጡ። በአንደኛው ውስጥ ቀይ ጎማ ነበር። ፊቱ እንደ መስተዋት ለስላሳ ነው፣ ከሥሩ ወፍራም ቢጫ ስፖንጅ አለው። በሌላው ጥቁር ጎማ ነበር፤ ፊቱን በሙሉ የክብሪት ራስ የሚያካክሉ ጥርሶች ወጥተውበታል።

«አንዱ ላንቺ፣ አንዱ ለእንግዳሽ» አሉኝ። «መጀመሪያ አንቺ ትመርጫለሽ።»

«ማነው የሰጠን፣ ቲቸር?»

«ደግ ሰው ነው። የማታውቂውን አትጠይቂ፤ ምረጪ።»

አዲስ ጎማ አይቼ አላውቅም ነበር። ቀዩን ነካሁት፤ ጣቴን ያዝ አደረገኝ። ጥቁሩን ነካሁት፤ ጥርሶቹ ከጣቴ ሥር ጎንበስ ቀና አሉ። የቱ ለመቺ እንደሚሆን አላወቅሁም። ቲቸርም አላወቁም። ስለዚህ ስለ ጎማ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ አልኩ፤ ሁለቱንም ይዤ ወደ ጎሚስታው ሮጥኩ።

ጋሽ አንጁሎ ከመናኸሪያው በታች ነበር የሚሠሩት። የከተማው ጎማ ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ሠፈሩ ማስቲሽና የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ሁለቱን ጎማዎች ተቀብለው በጨርቅ የተጠረገ አውራ ጣታቸውን አሳረፉባቸው፣ ወደ ብርሃን አነሷቸው፣ አሸተቷቸው። ጎማ ሊያስለጥፍ የቆመ አንድ ሹፌርም ሊያይ ተጠጋ።

«ይኸውልሽ» አሉኝ ቀዩን እያሳዩ፣ «ይሄ ተላጭቷል።»

«አዲስ ነው እኮ ጋሽ አንጁሎ።»

«አዲስ ሆኖ የተላጨ! ጎማ ጥርስ ከሌለው ምኑን ይነክሳል? ይሄ ሰውዬ» አሉ ወደ ሹፌሩ፣ «አምና በበልግ የቦምቤን መንገድ በተላጨ ጎማ እወጣለሁ ብሎ በሬ ነው የጎተተው።»

«አንዴ ነው እኮ!» አለ ሹፌሩ።

«አንዴውንም በሬው አልረሳውም። ስሚ ልጄ፣ ኃይል ያለው ጥርስ ላይ ነው። ትመቻለሽ አይደል? የሚመታ ሰው የሚነክስ ጎማ ነው የሚያስፈልገው። ጥቁሩን ውሰጂ። ቀዩ... ለተቀመጠ ሰው ነው።»

ሹፌሩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ገባኝ። የሶዶ ልጅ ነኝ፤ በጭቃ ውስጥ የትኛው መኪና እንደሚወጣና የትኛው እንደሚቀር ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ጋሽ አንጁሎ አሮጌውን ጎማ ከራኬቴ አንድ ፊት ላይ ላጡት፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ ማስቲሽ ቀብተው ጥቁሩን አጣበቁልኝና በሞርሳ አጠበቁት። እስኪደርቅ አጠገባቸው ቆሜ ጠበቅሁ። ዋጋ አልጠየቁኝም፤ «አዋሳ ስትደርሺ ጎማሽን ማን ለጠፈልሽ ካሉሽ ስሜን ንገሪ» አሉኝ።

ቀዩን ለቲቸር መለስኩ። ስመልሰው ስለ ዳመነች ትንሽ አዘንኩ። አዘንኩ እንጂ ልቀይርላት አላሰብኩም። በመንገድ ላይ እግዚአብሔርን አመሰገንኩት፤ መጀመሪያ እንድመርጥ አድርጎኛልና። እንዲህ ያለ ምስጋና እንዳለ አሁን ሳስበው ይከብደኛል።

ማክሰኞና ረቡዕ ተጫወትን። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ሁለት የእንጨት ጠረጴዛ ተዘርግቶ ነበር። የሁምቦዋን አሸነፍኳት፣ የቢጠናዋንም አሸነፍኳት። የኔ ኳስ እነሱ ጋ ስትደርስ እየተንቀጠቀጠች ትሄድ ነበር፤ ግራ ይገባቸውና ይስታሉ። ጥርሱ ነው አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ አጥብቄ የመታኋቸው ብዙዎቹ ኳሶች መረቡ ውስጥ ቀርተዋል። አልቆጠርኳቸውም። ስላሸነፍኩ አልቆጠርኳቸውም።

ዳመነች ግን ቆጥራቸዋለች። ከጠረጴዛው ወዲያ ቆማ፣ እጇን አጣምራ ጨዋታዬን ታይ ነበር። እሷም ቀዩን አስለጥፋ ተጫወተች። እቤቷ በር በሚያህል ጣውላ ላይ ነበር የለመደችው፤ የመጣላትን ሁሉ ዝም ብላ ትመልሳለች። ተጋጣሚዋ እስኪደክማት፣ እስኪሰለቻት፣ በራሷ እጅ እስክትስት ድረስ ትመልሳለች። እሷም ሁለቱንም አሸነፈች። ለሐሙስ እኔና እሷ ቀረን።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ጄሪካን ይዘን ቦኖ ወረድን። ተራ ስንጠብቅ ዳመነች መሬት መሬት እያየች አንድ ነገር ልንገርህ አለችኝ።

«ንገሪኝ።»

«አንቺ መቺ ነህ። እኔ መላሽ ነኝ። ጥቁሩ ጎማ የመላሽ ነው። ኳስን ይገድላታል። ቀዩ የመቺ ነው፤ ኳስን ይዞ ያዞራታል። ወንድሜ ነግሮኛል፣ እሱ ያውቃል። ዛሬ ጎሚስታው ጋ እንሂድ። እንቀያየር።»

ጀርባዬን ነደደኝ። ጋሽ አንጁሎ ፊቴ ላይ መጡ፣ ሹፌሩ መጣ፣ በሬው መጣ። በማግስቱ ፍጻሜ ነው፤ ዛሬ ጥሩውን ጎማ ስጪኝ ትለኛለች! እኔ ቤት እየበላች፣ እኔ አልጋ ላይ እየተኛች።

«እኔ ስለመረጥኩት ነው የፈለግሽው?» አልኳት።

«አይደለም። ላንቺ ነው...»

«የተሰጠሽን ተጫወቺበት!» አልኳት።

ቦኖው ጋ የቆሙት ሴቶች ዞረው አዩን። ዳመነች ቀና ብላ አየችኝ። አልተናደደችም። የምትለው ያላት ትመስል ነበር፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ተራችን ደረሰና ጄሪካኗን ከቧንቧው ሥር አስጠጋች። ስንመለስ የኔን ከባዱን ጄሪካን ተቀብላ የሷን ቀላሉን ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ይሄንንም ተንኮል ነው ብዬ አሰብኩ።

ሐሙስ እናቴ አዳራሽ መጣች። ትምህርት ቤት ለጨዋታ መጥታ አታውቅም፤ ሁለታችን የሷ ቤት ልጆች ስለሆንን ነው የመጣችው። ነጠላዋን ተከናንባ ግድግዳው ጋ ባለው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የሠፈራችን ልጆች «መዶሻዋ! መዶሻዋ!» ይላሉ። ከቦምቤ የመጡት ጥቂት ነበሩ፤ ያጨበጭባሉ እንጂ አይጮሁም።

የመጀመሪያዋ ከፍ ያለች ኳስ ስትመጣ ባለኝ ጉልበት መታኋት። መረቡን መታች፣ ሥሩ ወደቀች። ሁለተኛዋን ደገምኩ። መረብ። ሦስተኛዋን አሳልፋለሁ ብዬ ከፍ አደረግኋት፤ ጠረጴዛውን አልፋ የአዳራሹን በር መታች። ሰው ሳቀ። ጥርሶቹ ኳሷን አልነከሷትም። ኳሷ ስትነካቸው ይተኛሉ፣ ኃይሌን ይውጡታል፣ እሷም እንደ ቅጠል ትወርዳለች። ከዚያ በፊት የነበሩት ልጆች ራሳቸው ይስቱልኝ ስለነበር አላየሁትም። ዳመነች ግን አትስትም። የላክሁላትን ትመልሳለች። ደግሞም ቀስ ብላ፣ አልፎ አልፎ፣ በቀዩ ጎማ ኳሷን ሸርተት ታደርጋታለች፤ ኳሷ ጠረጴዛው ላይ ከነጠረች በኋላ እንደ እንሽላሊት ወደ ጎን ትዞርብኛለች። እንዲህ የምትዞር ኳስ በሕይወቴ አላየሁም ነበር። በዚያ በተላጨ ጎማ!

ሁለት ዙር ተሸነፍኩ። በሦስተኛው አሮጌውን ፊት አዙሬ ሞከርኩ፤ እሱም ያንሸራትታል። የመጨረሻዋን ኳስ ሳልነካት ነው የሳትኩት፤ አየር መታሁ። ቲቸር የዳመነችን እጅ ወደ ላይ አነሱ። እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር።

አዋሳ ከፊቴ ጠፋች። ሐይቁ፣ ወፉ፣ የአባቴ ወንበር ጠፉ። ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩትና አዳራሹ ሁሉ እየሰማ ጮህኩ።

«ቲቸር፣ አታላችሁኛል! ጥሩውን ለሷ ነው የሰጣችሁት!»

ቲቸር ማቴዎስ አጠገቤ መጡ። ፊታቸው ቀልቷል። «ማነው የሰጠሽ?» አሉኝ።

«እርስዎ!»

«እኔ አልሰጠሁሽም።»

«ቲቸር፣ ይተውት» አለች ዳመነች ከኋላቸው። «እንዳትናገር ብያለሁ እኮ።»

«ስሜ ሲነሳማ እናገራለሁ» አሉ። «ሁለቱም የሷ ናቸው። ወንድሟ ነው ከአዲስ አበባ የላከላት፤ ለአንድ ራኬት፣ ለሁለቱ ፊት። ጥቁሩ ለመከላከል፣ ቀዩ ለማዞር። ቦምቤ የሚያጣብቅላት ስላጣች ሶዶ ይዛቸው መጣች። ሰኞ ያንቺን ራኬት አየች። ማክሰኞ በማለዳ መጥታ 'አንዱን ለሕይወት ስጧት፣ መጀመሪያ እሷ ትምረጥ፣ ከኔ ነው አይበሉ' አለችኝ።»

የምሰማው የራሴን ድምፅ ነበር። የተሰጠሽን ተጫወቺበት። ለማን? የሰጠችኝን ልጅ፣ በሰጠችኝ ነገር ላይ። ጥቁሩ የሷ መከላከያ ነበር። ከሁለቱ አብልጣ የምትፈልገውን ነው የወሰድኩባት፤ እሷም ልታስመልሰው ሳይሆን ቀዩን ልትሰጠኝ ነበር ቦኖው ጋ የለመነችኝ።

ቀና ስል እናቴን አየኋት። ከወንበሯ ተነስታለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። እናቴን ያን ያህል ደንግጣ ያየኋት ሌላ ጊዜ የአባቴ ለቅሶ ቀን ብቻ ነው። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አልመታችኝም። ራኬቴን ከጠረጴዛው አንስታ ሰጠችኝና ሦስታችንም ወጣን።

ዳመነች ከቦምቤ ልጆች ጋር ከፊት ከፊት ትሄዳለች። እኔና እናቴ ከኋላ። ዝናብ ያንጠባጥብ ነበር። የቤታችን መታጠፊያ ስንደርስ እናቴ ቆመች።

«ዝንጅብሉንም አልተናገረችም» አለችኝ።

ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አላነሳችብኝም።

እራት ላይ እጄን ወደ ሳህኑ አልሰደድኩም። ይቅርታ ልል አፌን እከፍታለሁ፣ እንባ ይቀድመኛል። ዳመነች ሳህኑ ላይ ያለውን ቦሎቄ በጣቷ ወደኔ ገፋ አደረገችው። «ብላ እንጂ፣ መዶሻዋ» አለችኝ። «ብላ» ስትለኝ በዚያን ቀን አልሳቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኗል። አሁን ሶዶ የራኬት ጎማ በስልክ ይታዘዛል። ልጆቻችን የስፖንጁን ውፍረት፣ የፊቱን መያዝ፣ የቱ ለአጥቂ የቱ ለተከላካይ እንደሚሆን ከጨዋታው በፊት ያውቁታል። ጋሽ አንጁሎን የሚጠይቅ የለም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ይህ ጥሩ ነው፤ ሜሮን እኔ የሠራሁትን ስህተት አትሠራም። ግን ነጋዴው ሲልክላት ስሙን፣ ዋጋውንና ማን እንደላከው ካርቶኑ ላይ ጽፎ ነው። በኛ ጊዜ አንድ ጎማ ሳይጻፍበት ሊመጣ ይችል ነበር።

አዋሳን በኋላ አየኋት። ወፉም አባቴ እንዳለው ነው የሚራመደው። ዳመነች ከአዋሳው ውድድር ሦስተኛ ወጥታ ተመለሰች። በሚቀጥለው የዝንጅብል ወቅት ቲቸር ማቴዎስ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ቤታችን አድርሰው ሄዱ። ከማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም። ዛሬ ቦምቤ ውስጥ ዝንጅብል ትነግዳለች፤ አራት ልጆች አሏት። የሜሮን ክርስትና እናት እሷ ናት። አማርኛዋ አሁንም ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል። ስለዚያ ሳምንት ግን አውርተን አናውቅም። እግዚአብሔር ያን ቀን አዋሳ ስላላደረሰኝ አመሰግነዋለሁ። ጧፉንም አስገብቻለሁ፤ ሳልደርስ ነው ያስገባሁት።

ከዚያ ፍጻሜ በማግስቱ፣ አርብ፣ ገና ሳይነጋጋ ተነሳሁ። መኪናው ሦስት ሰዓት ላይ ነበር የሚነሳው። ዳመነች ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። የጨርቅ ቦርሳዋን ከፍቼ ራኬቷን አወጣሁ። ዞር ስል እናቴ ቆማለች። የያዝኩትን አየች፣ የኔንም ራኬት በብብቴ አየች። በሩ እንዳይጮህ በሁለት እጇ ይዛ ከፈተችልኝ።

ጋሽ አንጁሎ መዝጊያቸውን እያነሱ ደረስኩ። «አዋሳ አልሄድሽም?» አሉኝ።

«አልሄድኩም። ይሄን ጥቁሩን ይንቀሉልኝና እዚህኛው ራኬት ላይ ይለጥፉልኝ። ከቀዩ በስተጀርባ።»

«ባለ ጥርሱን? ለማን?»

«ለባለቤቱ።»

ቀዩን ፊት አዩት። በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። «ይሄ የተላጨው ነው ያሸነፈሽ?»

«አዎ።»

«በስመ አብ!» አሉና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። «ስንት ዘመን ጎማ ለጠፍኩ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ከዚያ ጥቁሩን እንዳይቀደድ ከጥጉ ጀምረው በጥፍራቸው ቀስ እያሉ ላጡት። ያን ያህል ተጠንቅቀው ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ማስቲሹን ቀቡ፣ አጣበቁ፣ ሞርሳው ውስጥ አጠበቁት። እኔ እጄን አገጬ ሥር አድርጌ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል እየሰማሁ ጠበቅሁ። የኔ ራኬት በአንድ ፊቱ እንጨቱ ብቻ ቀርቶ ነበር።

ቤት ስደርስ ዳመነች ከጓሮ ፊቷን ትታጠባለች። ራኬቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከልብሷ ሥር፣ ካወጣሁበት ቦታ፣ ጥቁሩን ፊት ወደ ታች አድርጌ መለስኩት። ቦርሳውን ቋጠርኩት። እጄ ማስቲሽ ይሸት ስለነበር በዝንጅብሉ ቅጠል አሸሁት።

ፊቷን እየጠረገች ገባች። «ዛሬ ቀድመህ ተነሳህ» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

ቦርሳዋን እስከ መኪናው ድረስ እኔ ተሸከምኩላት። ምንም አልተናገርኩም።